ስለ ቀድሞ ሸክላዎችና ስለማያረጀው ድምፃቸው

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት ንጽሕና መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት በሣጥን ውስጥ ተከድኖ ስለሚኖር፥ ጠያቂም ስላጣ አንድ ዕቃ እንጽፋለን፤ ይኸውም የዘፈን ሸክላ ነው። ለዚህ ያነሣሣን በደሴ ከተማ ያየነው ነገር ስለ ሆነ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ደሴን የሚያውቅ ሁሉ ሰኞ ገበያን ያውቃል። ሰኞ በማለዳ፥ ጦሳ ተራራ የተከናነበውን ጉም ገና ሳይጥል፥ ከየገጠሩ የመጣው ሰው እህሉን፥ በርበሬውን፥ ቅቤውንና ማሩን ይዞ ይሞላል፤ ከኮምቦልቻም ጭነት ያዘለ መኪና ጠመዝማዛውን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል። እኛም በአንድ ሰኞ በዚያ ስናልፍ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አጠገብ ቆምን። ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ፥ ሆዱ የወጣ ሬዲዮ፥ መቆለፊያ ያለ ቁልፉ፥ ቁልፍም ያለ መቆለፊያው ተዘርግቶ ነበረ። ከነዚህም መካከል አንዲት ትንሽ ጥቁር ሸክላ ያለ ልባስ፥ ያለ ወረቀት፥ በጆንያው ላይ ተጋድማ አየን።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ አልነበረም። ከዚያው አጠገብ የእጅ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት በደጁ ባቆመው ድምፅ ማጉያ ዘፈን ያሰማ ነበረ፤ ዘፈኑም በጆንያው ላይ በተጋደመችው ሸክላ ዘመን የተቀረጸ ነው። ልጁ ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው፤ ዘፈኑ ግን ከእርሱ በሠላሳ ዓመት ይበልጣል። እርሱ ዘፈኑን ከነፍሱ ይወደዋል፤ ከእግሩ ሥር የተጣለችውን ሸክላ ግን ምን እንደ ሆነች አላወቃትም። «ይህች ምንድር ናት፥ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀን።

ሻጩን ከየት እንዳገኛት ብንጠይቀው «ከአንዲት እናት ቤት ናት፤ ልጃቸው ነው ያመጣት፤ ሌላም ብዙ አለ። አብሽሩ፥ ከፈለጋችሁ ቤታቸውን አሳያችኋለሁ» አለን። አሳየንም።

እማማ (ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም) በደሴ ወግ ተቀብለውን ቡና አስፈሉልን። አቦሉን እንደ ጠጣን ነገሩን ነገሩን። ባለቤታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ለሚስታቸው ነጠላ፥ ለራሳቸው አንድ ሸክላ ይገዙ ነበረ። ሰውየው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ማጫወቻው ቀበቶው ተበጥሶ ከተቀመጠ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ እማማ የሸክላውን ሣጥን ከጤፍ ጆንያ ሥር ደብቀውት ሄዱ፤ ሲመለሱ ጤፉ የለም፥ ሣጥኑ ግን ነበረ። አሁን ልጃቸው «በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰዎች እያሰባሰበ የሚገዛ አለና እንሽጠው» ይላል። አንዷንም ዋጋዋን ለመፈተን ወደ ገበያ ያወጣት እርሱ ነው። እማማ እንቢ አሉ። ልጁ «የአባቴ ድምፅ እንኳ አይደለም እኮ» ቢላቸው «የአባትህ ድምፅ አይደለም፤ አባትህ የሰማው ድምፅ ነው» ብለው መለሱለት።

ልጁን አንወቅሰውም። የቤት ኪራይ፥ የልጆች ትምህርት ቤት፥ የዘይት ዋጋ ሁሉም በሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ለማይዘፍን ሸክላ ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ማሰብ ነውር አይደለም። ነገር ግን ልጁም እናቱም ስለ ምን እንደሚከራከሩ ለማወቅ የዚህን ዕቃ ታሪክ ከሥሩ ማየት ይገባል።

የሰውን ድምፅ ማስቀረት በአገራችን የተጀመረው በቤተ መንግሥት ነው። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በፎኖግራፍ ሰም ላይ ቀርጻ ላከች። ቃሉ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዝዛ ነበርና የንግሥቲቱ ድምፅ ተሰምቶ ጠፋ። በተከታዩ ዓመት ግን ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በዚያው መሣሪያ መልሳቸውን ላኩ፤ ይህኛው እስከ ዛሬ በለንደን ተጠብቆ ይኖራል። ዛሬ የሚያደምጠው ሰው ቃሉን ለመለየት ጆሮውን ማስጠጋት አለበት፤ ድምፁ በጩኸትና በመንኰራኵር ኳኳታ ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ይመጣል። ቢሆንም የአድዋው ንጉሥ ድምፅ ነው።

ዘፈንን ግን በሸክላ በማስቀረጽ ፈር የቀደዱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው አዝማሪነትን በስተርጅና የተማሩ ሳይሆኑ በልጅነታቸው የተካኑ ባለ ቅኔ ነበሩ። በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው፤ በዚያም ሳሉ ማሲንቆአቸውን እየመቱ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። መኪና ሊማር የሄደ ሰው ዘፈን ይዞ ተመለሰ፤ አገሪቱም ከሁለቱም ተጠቀመች። በኋላ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆኑ። የልጅ ኢያሱም አባት ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ናቸውና፥ በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ይበላ በነበረበት ዘመን የመጀመሪያው ባለ ሸክላ ዘፋኝ ለወሎ ቤት ባዕድ አልነበረም። የነጋድራስ ልጅ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባት በማሲንቆ ልጅ በኳስ አገርን ሲያስጠሩ ማየት በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ሊነገር የሚገባው ነው።

ሸክላ ስለ ተባለው ስም አንድ ቃል እንጨምር። የቀድሞው ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባለው ሙጫ ነው፤ ሙጫውም በሕንድ አገር ዛፍ ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚገኝ ነው። እንደ ገንቦም ከእጅ ካመለጠ ይሰበራል። ስሙ በድምፁ ከሼላክ፥ በጠባዩ ከገንቦ ጋር መግጠሙ ደስ ያሰኘናል።

ግራሞፎን በመኳንንቱና በነጋዴው ቤት እየገባ ሲሄድ ሸክላ ማሳተምና ከውጭ ማስመጣት እንደ ዋዛ የሚሠራ ንግድ አልሆነም። በ1948 ይህ መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓዶች በዚያ ጊዜ እጅግ ደርጅተው ነበረ፤ ሥራቸውም አጥብቆ የተመሠረተ ነው፤ ከ1924 ጀምሮ በአርመናዊው በኬቮርክ ናልባንዲያን ትምህርት የነሐስ መሣሪያ አገር የለመደው ሆኗልና። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ጓዶች በየምሽቱ የሚዘፍኑት ዘፈን በአየር ላይ ይቀር ነበረ። ሰው ሰምቶ ይወዳል፤ ወደ ቤቱ ይዞት ሊገባ ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ወደ ባሕር ማዶ መሻገር ግድ ይሆንብናል፤ ምክንያቱም ያ የደሴ ወጣት የሚወደው ዘፈን አንድ እግሩ በወሎ፥ አንድ እግሩ በአሜሪካ ስለ ቆመ ነው።

በአሜሪካ ሜምፊስ በሚባል ከተማ ሳም ፊሊፕስ የሚሉት ሰው አንዲት ጠባብ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ነበረችው። በ1951 ከሌላ ከተማ በመኪና የመጡ ጥቁር ወጣቶች ሊቀረጹ ሲገቡ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ በመንገድ ወድቆ ተቀዶ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን «አስጠግናችሁ ኑ» ባለ ነበረ። ሳም ፊሊፕስ ግን የተቀደደውን ወረቀት አጭቆበት አስመታው፤ ከዚያም የወጣው ሻካራ ድምፅ እጅግ ስለ ተወደደ ብዙዎች የሮክ ኤንድ ሮል የመጀመሪያው ሸክላ እርሱ ነው ይላሉ። በሐምሌ 1954 ደግሞ ኤልቪስ ፕሬስሊ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ በዚያው ክፍል ሲሞከር ውሎ ምንም የረባ ነገር ሳይወጣው ቀረ። ለዕረፍት በተቀመጡ ጊዜ ግን አንድ የቆየ የጥቁሮች ዘፈን ለቀልድ እየዘለለ ቢዘፍን ሁለቱ ጓደኞቹ ተከተሉት፤ ሳም ፊሊፕስም «ከመጀመሪያው ጀምሩት» ብሎ ቀረጸው። ከበሮ እንኳ አልነበረውም። በሦስት ሰው የተሠራ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የተቀረጸው ሁሉ የሚወደድበትን ምክንያት እኛ በዚህ እናየዋለን። ዘፋኙም መሣሪያ ተጫዋቹም በአንድ ክፍል ባንድነት ቆመው፥ ባንድ ትንፋሽ ይቀረጻሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ ወይም ስሕተቱን ይዞ ያልፋል። ሰው ሰውን እያየ፥ እየጠበቀ፥ አንዳንዴም እየቀደመ ያለበት ነገር ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ለየብቻው ተቀርጾ በመሣሪያ ይገጣጠማል፤ የተዛነፈው ይታረማል፤ ድምፁም እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ይሆናል። የዛሬውን አንነቅፍም፤ በርሱም ያማረ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን በቀድሞው ሸክላ ውስጥ ያለው ሰው በክፍሉ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል፤ በዛሬው ውስጥ ያለውን አንዳንድ ጊዜ ፈልገን እናጣዋለን።

ይህ የአሜሪካ ዘፈን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በብዙ በር ነው። በሲኒማ ገባ፤ በአስመራ በነበረው ቃኘው በተባለው የአሜሪካን የጦር ሠፈር ሬዲዮ ገባ፤ ከ1962 ጀምሮ ለማስተማር በመጡት የሰላም ጓድ ወጣቶች ሻንጣ ውስጥ ሸክላ ሆኖ ገባ። በፖሊስ የሙዚቃ ጓድ ይዘፍን የነበረው ዓለማየሁ እሸቴም ይህን ሰምቶ ጠጕሩን እንደ ኤልቪስ አበጠረ፥ ልብሱን አጠበበ፥ አቋቋሙንም እንደ እርሱ አደረገ። ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ለመገመት ነቢይነት አያስፈልግም። ሕዝቡ ግን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» አለው።

በ1969 የሸክላ መሸጫ ሱቅ የነበረው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ሳይፈራ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ ሆነ። (ሁለቱ በአባት ስም ቢመሳሰሉም ወንድማማች አይደሉም፤ ከነጋድራስ ተሰማም ጋር እንዲሁ።) ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ የተቀረጸው ክር ወደ ሕንድ፥ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ሸክላ ሆኖ ይመለስ ነበረ። ክስ ይመጣል ተብሎ ቢፈራም ሳይመጣ ቀረ፤ ሰውም በሱቁ ደጅ ተሰለፈ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳተመ። ከርሱም ቀጥሎ ዓሊ አብደላ ካይፋ እና ሌሎችም ይህንኑ ሥራ ያዙ። ጥላሁን ገሠሠ፥ ብዙነሽ በቀለ፥ ማሕሙድ አሕመድ፥ ግርማ በየነ፥ ሙላቱ አስታጥቄ በቤታችን የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንመለሳለን። ዓለማየሁ ጠጕሩን ከኤልቪስ ቢበደርም ዜማውን አልተበደረም። የአገራችን ዘፈን የሚቆምባቸው አራት ዋና ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ወደ ቆላው ሲወርዱ የምትገኝ፥ እርሷም በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው የተራራ አገር ነው። ሁለቱ ቅኝቶች በወሎ ምድር ስም ይጠራሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ ይሠራል፤ ሮክ ኤንድ ሮል የተወለደበት የጥቁር አሜሪካኖች ብሉዝም አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ላይ ይንጠላጠላል። ስለዚህ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ እንደ ሩቅ ዘመዳሞች ሆኑ እንጂ እንደ ባዕዳን አልተፈራሩም። ሳክስፎኑ የማሲንቆን ቦታ ያዘ፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ የክራርን፤ ዜማው ግን በቦታው ቀረ። አዝማሪ በጠጅ ቤት ሲጫወት የሰማ ሽማግሌና ትዊስት የሚጨፍር ተማሪ ባንድ ሸክላ ሊደሰቱ የቻሉት ስለዚህ ነው። ብዙ ዘፋኞች በዚያ ዘመን እንግሊዝኛውን ዘፈን እንዳለ ሲገለብጡ ነበረ፤ የእነዚያን ሥራ ዛሬ የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው። የቆየው በራሱ ቅኝት የዘፈነው ነው።

አምባሰልን እንደ ማሪቱ ለገሰ ሲዘፍኑት የሰማ ሰው የምንለውን ያውቃል። እርሷ የወሎ ልጅ ናት፤ ድምፅዋም በገደል አፋፍ የቆመ ሰው ለማዶው ሰው እንደሚጣራ ነው። ያ ድምፅ በቴፕ ክር ከሚታወቅበት ዘመን አስቀድሞ በሳክስፎን አፍ ተመስሎ በሸክላ ላይ አለ።

ይህን ዘመን ብዙ ሰዎች «ወርቃማው ዘመን» ይሉታል። እኛም ስለ ሙዚቃው ከሆነ አንከራከርም። ነገር ግን ለወሎ ሰው ይህን ስም ያለ ማመንታት መጥራት ይከብደዋል። አዲስ አበባ በሌሊት ክበብ ስትጨፍር በ1973 በወሎ ረሃብ ገብቶ ሕዝብ በየመንገዱ ይወድቅ ነበረ፤ ወደ ደሴም የሚተርፍ መስሎት የሚጎርፈው ብዙ ነበረ። እማማም ስለ ባለቤታቸው ሸክላዎች ሲነግሩን «ያን ዓመት አልገዛም፤ ሸክላውንም አላጫወተም» አሉን። ሌላ አልጨመሩም። እኛም ሌላ አልጠየቅናቸውም፤ ቶናውን ጠጣን።

በ1974 መንግሥት ተለወጠ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊት የሚሠሩት ክበቦች ቀስ በቀስ ተዘጉ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ የቴፕ ካሴት እየረከሰ ስለ መጣ የሸክላ ማሳተም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመ። ብዙ ሙዚቀኞች አገር ጥለው ወጡ። በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ሄዶ አንዳንዱ ተመለሰ፥ አንዳንዱ ቀረ፤ ከቀሩትም ኃይሉ መርጊያ በዋሺንግተን ታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ፤ በመኪናው ጓዳ ውስጥ ፒያኖውን ይዞ ተሳፋሪ ሲያጣ ይለማመድ ነበረ። ግርማ በየነም በዚያው አገር የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ሆነ። አገሩ የሚያፏጨውን ዜማ ያቀናበረ ሰው ቤንዚን ሲቀዳ፥ ቤንዚን የተቀዳለት ሰው ማን እንደ ቀዳለት አላወቀም።

የተረሳውን ያስታወሰው ፈረንጅ ነው፤ ይህን መናገር ትንሽ ያሳፍረናል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ዘፋኙን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻም ጀምሮ እነዚያን ሸክላዎች «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በፓሪስ እያሳተመ ከሠላሳ በላይ መድብል አወጣ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ሲኒማ ውስጥ ገብቶ በዓለም ተሰማ። ኃይሉ መርጊያ በ2013 በ1985 የሠራው ካሴት እንደገና ታትሞለት ከታክሲው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ግርማም በ2017 ከፈረንሳይ ወጣቶች ጋር አዲስ ሥራ አወጣ። እንዲህ ሲሆን ነው የደሴው ልጅ ዘፈኑን ከስልኩ ያገኘው፤ ከደሴ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ሕንድ፥ ከሕንድ ተመልሶ ፓሪስ፥ ከፓሪስ ወደ ሰኞ ገበያ ዞሮ መጣለት። በ1977 ደግሞ አሜሪካኖች ወደ ጠፈር በላኩት መንኰራኵር ላይ የቹክ ቤሪን የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈን በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ቀርጸው ሰደዋል፤ ሸክላ እዚያም ደርሷል ማለት ነው።

በ2021 ሁለቱ እሸቴዎች፥ አምሃ በሚያዝያ፥ ዓለማየሁ በመስከረም መጀመሪያ፥ በአንድ ዓመት አረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። በየቤቱ የነበረ ስንት ሣጥን በዚያ ጊዜ እንደ ጠፋ የቈጠረ የለም።

ስለዚህ በቤቱ ሸክላ ያለ ሰው የሚከተለውን ያስተውል። አስቀድሞ ዓይነቱን ይለይ፤ ከባድና ተሰባሪ የሆነው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የሼላክ ሸክላ ነው፤ ቀላልና የሚተጣጠፈው በ45 ወይም በ33 የሚዞረው ነው። የመጀመሪያው የብረት መርፌ ይቀበላል፤ ሁለተኛውን የብረት መርፌ ባንድ ጊዜ ያበላሸዋል። ሼላኩን በአልኮል የጠረገ ሰው ሸክላውን አሟሟው ማለት ነው፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ሁለቱም እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ተደራርበው ከተጋደሙ የታችኛው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሲያነሡትም ከዳሩ እንጂ በፊቱ አይያዝም፤ የጣት ቅባት አቧራ ይስባልና። ከሁሉ የሚበልጠው ጠላት ሙቀት ነው። ደሴ ደጋ ስለ ሆነች ሸክላ ተመችቶት ይኖርባታል፤ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ቀትር ላይ በመኪና መስተዋት ሥር የተረሳ ሸክላ ግን እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ድምፁን ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒዩተር አስቀድቶ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ቅጂው አለ ብሎ ዋናውን መጣል ግን አይገባም። በልባሱ ጀርባ ላይም ማን እንደ ገዛው፥ በስንት ዓመት እንደ ገዛው በእርሳስ ይጻፍ። ይህን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ሳለ ይጠየቅ። ሰው ለመሸጥ ቢገደድ እንኳ ቀድቶና ጽፎ ይሽጥ።

ከእማማ ቤት በወጣን በሳምንቱ በፒያሳ ያለ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ የማጫወቻውን ቀበቶ በሌላ ቀበቶ ተክቶ አስነሣው። እኛም በረካውን ሳንጠጣ ሄደን ነበርና ተመልሰን ተቀመጥን። ልጃቸውም ነበረ፤ ከጆንያው ላይ መልሶ የገዛትን ሸክላ ይዞ። በሸጠባት ዋጋ እንዳልገዛት ፊቱ ይናገራል።

የዓለማየሁ ሸክላ ነበረች። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ የተሰማው እንደሚጠበስ ቡና ያለ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ነሐሱ ገባ። በሁለተኛው አንጓ ላይ አንድ ጭረት ስላለ መርፌው ዘለለ፤ ግማሽ ስንኝ ጠፋ። እማማ ሳይደናገጡ፥ ስኒ እያጠቡ፥ የጠፋውን ግማሽ ስንኝ በራሳቸው ድምፅ ሞሉት፤ መርፌውም በትክክል ተቀበላቸው። ጭረቱ መቼ እንደ መጣ ብንጠይቃቸው «ባሌ ነው፤ አንድ ሌሊት ሲጨፍር ጠረጴዛውን ገፋው» አሉን።

የልጅ ልጃቸው፥ ሰባት ዓመት ያልሞላት፥ ሸክላውን በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ አስደገመችን። ማታ ስንሰናበት በደጅ ገመድ እየዘለለች ያንኑ ዘፈን ትዘፍን ነበረ፤ ሁለተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ ግማሹን ስንኝ ዘለለችው።